ጥፋተኛዋ ስትዘፍን

ይህ ጽሑፍ የዘፈን ግጥም ለሚጽፉ ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክየዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ዘፈን ብቻ ነው። «ባክ ቱ ዲሴምበር» ይባላል። በኛ ቋንቋ «ወደ ታኅሣሥ መመለስ» እንደ ማለት ነው። የጻፈችውም የዘፈነችውም ቴይለር ስዊፍት ናት። በ2010 ሲወጣ 20 ዓመቷ ነበር። ዓመት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ቴይለርን አብዛኞቻችሁ የምታውቋት ስታዲየም የምትሞላ የፖፕ ኮከብ ሆና ነው። እኔ የማወራችሁ ከዚያ በፊት ስለነበረችው ልጅ ነው። ጊታር ያነገተች፣ ጸጉሯ ጥቅልል ጥቅልል ያለ፣ ካንትሪን፣ ማለትም የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃን፣ ከፖፕ ጋር አንድ ላይ የምትዘፍን፣ የካንትሪ መዲና ከሆነችው ከናሽቪል ከተማ የወጣች ልጅ።

እስቲ የምታውቋቸውን የመለያየት ዘፈኖች በልባችሁ አስታውሱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘፍነው ማነው? የተተወው ነው። ቃል የተበላበት፣ ደጅ ሲጠና የከረመ፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያነጋ ሰው ነው። እኛም ወዲያው ከጎኑ እንቆማለን። ትቶ የሄደው ግን ድምፅ የለውም። ቤቱ ገብቶ ምን እንዳሰበ፣ እንቅልፍ ይውሰደው አይውሰደው፣ ማንም አይጠይቀውም።

በዚህ ዘፈን የምትዘፍነው ትታ የሄደችው ናት።

ዘፈኑ የሚጀምረው በሰላምታ ነው። ተለያይተዋል፤ ጊዜም አልፏል። እንገናኝ ብላው እሺ ብሎ መጥቷል። ጊዜ ስለሰጠኸኝ ደስ ብሎኛል ትለዋለች። ኑሮ እንዴት ነው? ቤተሰብስ? ካየኋቸው ቆየሁ እኮ። እሱም ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበታል። ስለ ሥራ ያወራሉ። ስለ አየሩ ያወራሉ።

ይህን ሰላምታ ከኛ በላይ የሚያውቀው ማን አለ? «ደህና ነህ? እንዴት ነህ? እናትህ ደህና ናቸው? ሥራ እንዴት ይዞሃል? እግዚአብሔር ይመስገን።» ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ሲከብደን ሰላምታ እናረዝማለን። ሁለት ሰዎች ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠርተው ሲጨርሱ፣ ማውራት የፈለጉትን ነገር እየሸሹ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ቴይለር ይህን በአምስትና ስድስት አጫጭር ስንኞች አስቀመጠችው። ከዚያ በአንድ ስንኝ ብቻ ግድግዳውን ታፈርሰዋለች፦ ራስህን እየጠበቅክ ነው፣ ለምን እንደሆነም አውቃለሁ ትለዋለች።

ለምን? መጨረሻ ያያት ቀን ከአእምሮው አልጠፋም። ጽጌረዳ ሰጥቷት ነበር። እዚያው ትታው ሄደች።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በእንግሊዝኛው አበባዎቹን «እንዲሞቱ» ነው የተወቻቸው። በአማርኛ አበባ ይጠወልጋል፣ ይደርቃል፣ ይረግፋል። እነዚህ ሁሉ የአበባው የራሱ ነገር ናቸው። ማንም ባይነካውም አበባ ይጠወልጋል። «ሞተ» ስንል ግን ጥያቄ ይመጣል፤ ማን ገደለው? ልጅቷ የመረጠችው ይህን ቃል ነው። ገና አዝማቹ ሳይመጣ፣ አንድ ክስ መሥርታ በራሷ ላይ ፈርዳለች። እንዳልደገመችውም ልብ በሉ። ጨካኝ ነበርኩ፣ ራስ ወዳድ ነበርኩ አላለችም። አበባውን አሳየችንና ወደ አዝማቹ አለፈች።

እኔ ይህን ዘፈን መጀመሪያ የሰማሁት በኛ 2003 ዓ.ም. ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የዶርም ጓደኛዬ ከሆነ ሰው ላፕቶፕ ወደ ኖኪያዋ ገልብጣው በብሉቱዝ ላከችልኝ። የፋይሉ ስም በስህተት የተጻፈ ነበር፤ የዘፋኟን ስም እንኳ አልያዘም። አልጋዬ ላይ ተኝቼ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። አንደኛው ጆሮ ተበላሽቶ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ትቼ ነበር። ጥሩ ሰው ነበር። ምክንያቱን አልነገርኩትም፤ ስልኩን ማንሳት ብቻ አቆምኩ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ታምሜ ሳለሁ ብርቱካን በፌስታል ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ወንድ ወደ ሴቶች ዶርም ስለማይገባ በር ላይ ለጥበቃው ሰጥቶልኝ ሄደ። ብርቱካኑን ተቀብዬ በላሁ። ደውዬ አመሰግናለሁ አላልኩትም። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አልነበረም፤ ጽጌረዳው ጋ ሲደርስ ግን ገባኝ። ፌስታሉ ነው የታየኝ።

ስለዚህ ይህን ዘፈን ከሩቅ ቆሜ የምተነትነው አይምሰላችሁ። ብዙ ዓመት አብሮኝ ኖሯል።

አሁን ዘፈኑ ስለተወለደበት ሰፈር ላውራ። ይህ ካልገባን ግጥሙ እንዴት እንዲህ ጥርት እንዳለ አይገባንም።

ቴይለር የተወለደችው በ1989 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ነው። ያደገችው የገና ዛፍ በሚበቅልበት እርሻ ላይ ነው። በ11 ዓመቷ ከእናቷ ጋር ናሽቪል ሄዳ፣ ስትዘፍን የተቀዳችበትን ቅጂ ለየሙዚቃ ድርጅቱ በር ለበር አደለች። ማንም አልጠራትም። 14 ዓመት ሲሆናት ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ናሽቪል አጠገብ ሄንደርሰንቪል ገባ። በዚያው ዕድሜዋ ሶኒ ኤቲቪ የተባለው ድርጅት በዘፈን ጸሐፊነት አስፈረማት። አስቡት፤ ቀን ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት በኋላ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ዘፈን መጻፍ።

ናሽቪል ውስጥ ዘፈን መጻፍ የቀን ሥራ ነው። ሰዎች ቀጠሮ ይዘው፣ ጊታር ይዘው፣ አንድ ክፍል ገብተው ዘፈን ጽፈው ይወጣሉ። ዘፋኙ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህ ለኛም እንግዳ አይደለም። በካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብሎ ሦስት ስም ተደርድሮ ስናነብ ነው ያደግነው። የናሽቪሎቹ አንድ ልዩ ነገር ግን አላቸው። ብሉበርድ ካፌ የምትባል ትንሽ ቤት አለች። በ1982 የተከፈተች ናት። ሱቆች ተደርድረው ካሉበት ሕንፃ መሀል ገብታለች፤ የምትይዘው 90 ሰው አካባቢ ነው። ጸሐፊዎቹ መድረክ ላይ አይወጡም። በአዳራሹ መሀል ክብ ሠርተው ይቀመጡና ሰው ይከባቸዋል። የጻፉትን ራሳቸው በጊታር ይጫወቱታል። ሲዘፈን ወሬ ክልክል ነው፤ የሚያወራ ካለ ዝም ይባላል።

ለምን ይህን እነግራችኋለሁ? እንዲህ ባለ ቤት የግጥም ድክመት መደበቂያ የለውም። ከበሮ የለም፣ መብራት የለም፣ ዳንሰኛ የለም። እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ጠረጴዛዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለች ሴትዮ ፊቷን ካዞረች ታያታለህ። ቴይለርን በኋላ ያስፈረማት ስኮት ቦርቼታ በ2005 ስትዘፍን ያያት እዚያ ነው። የመጀመሪያ አልበሟ በ2006 ወጣ። 16 ዓመቷ ነበር።

ሃርላን ሃዋርድ የሚባል የናሽቪል ጸሐፊ ካንትሪን «ሦስት ኮርድና እውነት» ብሎታል እየተባለ ይነገራል። ኮርድ ጊታር ላይ አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች ናቸው፤ ሦስቱን ማንም በሁለት ሳምንት ይለምዳቸዋል። ሁለተኛው ነው አስቸጋሪው።

አንድ ሌላ ልጅ ላስታውሳችሁ። ብሬንዳ ሊ ትባላለች። በ1960 እዚያው ናሽቪል ውስጥ «አይም ሶሪ» የሚል ዘፈን ዘፈነች፤ «ይቅርታ» ማለት ነው። 15 ዓመቷ ነበር። አሳታሚው ስለ ፍቅር ስብራት ልትዘፍን ገና ሕፃን ናት ብሎ ሠግቶ እንደነበር ይነገራል። ዘፈኑ ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆነ። ያቀናበረው ኦወን ብራድሊ ነው። በዚያ ዘመን ሮክ ገበያውን ሲወስደው፣ ናሽቪሎች የገጠሩን ቫዮሊንና ስቲል ጊታር ቀነስ አድርገው፣ በምትኩ ለስለስ ያሉ የኦርኬስትራ ክሮችን፣ ማለትም በኅብረት የሚጫወቱ የክር መሣሪያዎችን፣ ከኋላ አስገቡ። የናሽቪል ድምፅ የሚባለው ይህ ነው። ጂም ሪቭስንና ፓትሲ ክላይንን የሰማ ሰው ያውቀዋል። አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት ሬዲዮ ካሴቱ ላይ የሚያጫውተው የጂም ሪቭስ ካሴት ነበረው። ቃሉን አይሰማም ነበር። ዝም ብሎ ግን አይኖቹን ጨፍኖ ይቀመጣል።

ከ50 ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ ሌላ ወጣት ሴት፣ ከኋላዋ ክሮች ይዛ፣ ይቅርታ የሚል ዘፈን ዘፈነች። ልዩነቱ አንድ ነው። ብሬንዳ ሊ የዘፈነችው ሌሎች የጻፉላትን ነው። ይቺኛዋ ራሷ ጻፈችው።

የጻፈችውም ብቻዋን ነው። በጥር 2010 «ፊርለስ» የተባለው አልበሟ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ወሰደ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ያን ሽልማት በዚያ ዕድሜ የወሰደ አልነበረም። ጭብጨባው ሲበርድ ወሬ ተጀመረ። ይህን ሁሉ ራሷ አልጻፈችውም፣ አብረዋት የሚጽፉት ትልልቆቹ ናቸው ተባለ። እሷ ክርክር አልገጠመችም። ቀጣዩን «ስፒክ ናው» የተባለ አልበም ያለ አንድም ተባባሪ ጻፈችው። 14 ዘፈን፣ አንድ ስም። በጥቅምት 2010 መጨረሻ ወጣ፤ በመጀመሪያው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ ብቻ 1,047,000 ቅጂ ተሸጠ። የኛ ዘፈን የዚያ አልበም ሁለተኛ ነጠላ ዜማ ነው።

ቁጥሩ ይቆየን። ብቻዋን መጻፏ ለዚህ ዘፈን ምን አደረገለት? እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ ያጽናናት ነበር። «አንቺ ብቻ አይደለሽም ያጠፋሽው፣ እሱም እኮ» ይላት ነበር። ጓደኛ የሚለው ይህንን ነው። እና አንዲት መከላከያ ስንኝ ትገባ ነበር። ዘፈኑን ከላይ እስከ ታች ፈትሹት፤ አንዲትም የለችም። እሷ ራሷ በጊዜው ስትናገር፣ ከዚያ በፊት በዘፈን ይቅርታ መጠየቅ እንደሚያስፈልጋት ተሰምቷት እንደማያውቅ ተናግራለች።

ወደ ሁለተኛው ክፍል እንሂድ። እንቅልፍ አጥታለች። ስትሄድ የነበረውን በአእምሮዋ እየመለሰች ታያለች። ልደቱ አለፈ፤ አልደወለችም። ይህ «አልደወልኩም» ምን ያህል ትንሽ ነገር ነው! ልደት ማለፍ ማለት እኮ ጠዋት ታስታውሳለህ፣ ቀትር ላይ ስልክህን ታያለህ፣ ማታ ስድስት ሰዓት ሲሆን አሁንማ አልፏል ብለህ ትተኛለህ። ይህ ሁሉ በአንዲት ቃል ውስጥ አለ።

ከዚያ ሦስት ወቅቶች በተከታታይ ይመጣሉ። መኪናው ውስጥ ከጎኑ ተቀምጣ ሲስቅ ያየችው በሰመር፣ በነሱ የሙቀት ወቅት ነው። እንደምትወደው ያወቀችው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው። ከዚያ ብርዱ መጣ፤ ከብርዱ ጋር ፍርሃት ገባባት። እሱ ፍቅሩን ሁሉ ሰጣት፤ እሷ የሰጠችው ስንብት ነው።

እኔ ይህን ወደ አማርኛ ልመልሰው ስሞክር ስንት ጊዜ ተሰናክያለሁ። የነሱ ሰመር የኛ ሐምሌ ነው። የኛ ሐምሌ ጭቃና ጃንጥላ ነው። ዲሴምበር ደግሞ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ታኅሣሥን ይይዛል። የኛ ታኅሣሥ ማለዳው ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ብሩህ ነው፤ ገጠር አውድማ ላይ እህል የሚወቃበት፣ ቤት የሚሞላበት ወር ነው። «ብርዱ መጣ፣ ጨለማው መጣ» ብዬ በታኅሣሥ ብዘፍን የሀገሬ ገበሬ ምን ሆነሻል ይለኛል። ስለዚህ ወሩን ወደ ኛ ሰኔ ልለውጠው? ከለወጥኩት ደግሞ ሌላ ዘፈን ሆነ። አንድ ነገር ብቻ በዕድል ገጠመልኝ። ብሪጁ ላይ፣ ማለትም ከመጨረሻው አዝማች በፊት በሚመጣው ለየት ያለ ክፍል፣ የምታስታውሰው ምሽት የሴፕቴምበር ምሽት ነው። መስከረም! እሱ አቅፏት፣ ስታለቅስ መጀመሪያ ያየበት ምሽት። አደይ በወጣበት ወር ማልቀስ። ያ በአማርኛም ያምራል።

አዝማቹ ጋ ስንደርስ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ የዘፈኑ ልብ ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ፊትህ ቆሜአለሁ ትላለች። ይህ በአማርኛ ቃል በቃል ይሄዳል፤ እኛም ኩራት እንውጣለን። ለዚያ ምሽት ይቅርታ ትጠይቃለች። ቀጥሎ ነፃነት ያለችው ነገር እሱን መናፈቅ ብቻ ሆኖ እንዳገኘችው ትነግረዋለች። እዚህች ስንኝ ላይ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች የገጠር ሰው አነጋገር ነው የምታወራው፤ የትምህርት ቤት ሰዋስው ትታለች። ሰው ልቡ ሲሰበር ወደ እናቱ ቤት አነጋገር ይመለሳል አይደል? ጎጃሜውም፣ ወሎዬውም፣ ጎንደሬውም እንዲያ ነው። ግጥም ስትጽፉ አንዲት እንደዚህ ያለች ቃል ትበቃለች። ሦስት ካደረጋችኋት ትወና ትሆናለች።

አሁን ወደ ርዕሱ። በእንግሊዝኛ ሁለት የሚመሳሰሉ ስንኞች አሉ። አንደኛው «ሁልጊዜ ወደ ታኅሣሥ እመለሳለሁ» ይላል። ሁለተኛው «መመለስ ብችል ኖሮ ተመልሼ አስተካክለው ነበር» ይላል። በአማርኛ የሁለቱ ርቀት ሰማይና ምድር ነው። አንዱ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው፤ ሌላው ፈጽሞ የማይሆን። ግሡን እኛ ሙሉ በሙሉ እናፈርሰዋለን፤ «ብችል ኖሮ» እና «ነበር» እንጨምራለን። በእንግሊዝኛው ግን ልዩነቱ አንዲት የ«ድ» ድምፅ ናት። «አይ ጎ» እና «አይድ ጎ»። በዚህ ዘፈን ውስጥ ደግሞ ያቺ ድምፅ በዜማው ተውጣ ልታመልጣችሁ ትችላለች። በአእምሮዋ በየቀኑ የምታደርገውና በእግሯ ልታደርገው የማትችለው ነገር፣ በአንዲት ጠፍታ ልትቀር በምትችል ድምፅ ተለያይተው ጎን ለጎን ቆመዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲህ ነው። በሐሳብ መመለሱና በእውን መመለሱ ይምታቱበታል።

ይህን ያየሁት ዘፈኑን ከሰማሁ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ልተረጉመው ተቀምጬ ነው። እስካሁን መፍትሔ አላገኘሁለትም። ከናንተ መሀል የሚያገኝ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሩበት። በመጀመሪያው አዝማች ብትመለስ ነገሩን እንደምታስተካክለው ትናገራለች። በኋላ አዝማቹ ሲደገም፣ የራሷን ሐሳብ እንደምትለውጥ ትናገራለች። «ነገሩን ማስተካከል» እና «የራሴን ሐሳብ መለወጥ» እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ላይ ጥፋቱ የሁኔታው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ላይ ጥፋቱ የት እንደነበረ አድራሻው ተነገረ። አዝማች ሲደገም አንዲት ቃል ብትለወጥ ምን ያህል ልትሠራ እንደምትችል ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ አላገኘሁም።

ከኛ ትዝታ ጋር አስተያይቼው አውቃለሁ። በትዝታ ዘፈኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ትዝታው ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሌሊት ይቀሰቅሳል። ሰውዬው ተቀምጦ ይቀበለዋል። እዚህ ግን የምትሄደው እሷ ናት። ትዝታው አንድ ቦታ ቆሟል፤ እሷ በየቀኑ በእግሯ ትመላለሳለች። ወንጀል የሠራ ሰው ወደ ቦታው ይመለሳል ይባል የለ?

ስለ ዜማው ትንሽ ልበል። በጊታር በቀስታ ይጀምራል፤ ክሮቹና ከበሮው እየገቡ ይሰፋል። ፕሮዲውሰሮቹ ናታን ቻፕማንና ራሷ ቴይለር ናቸው። በኅዳር 2010 በአሜሪካን ሚዩዚክ አዋርድስ መድረክ ላይ ግን ፒያኖ ላይ ተቀምጣ ነው የዘፈነችው። እንዲያም ሆኖ ዘፈኑ አልጎደለበትም። የብሉበርድ ልጅ መሆኗ ያኔ ይታያል።

ዘፈኑ ለማን ተጻፈ የሚለውን ጥያቄ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። በዚያን ጊዜ አልበሞቿ ላይ ግጥሞቹ በትንንሽ ፊደል ይታተሙና፣ መሀል መሀል ላይ ትልቅ ፊደል ይገባ ነበር። እነሱን ስትለቅም ቃል ይወጣል። አድናቂዎች በዚያ ስም ይፈልጉ ነበር። ጨዋታው ደስ ይላል። እኔ ግን ስሙን ማወቅ ለዚህ ዘፈን ምንም እንደማይጨምርለት በፅኑ አምናለሁ። እንዲያውም ይቀንሳል። ስሙን ስታውቁ የሁለት ዝነኞች ወሬ ይሆናል። ስሙን ስትረሱ ፌስታሉ ይመጣል።

ሌላ ነገር፣ በአጭሩ፤ ለናንተ ለጸሐፊዎቹ ይጠቅማል። በ2019 የመጀመሪያዎቹ ስድስት አልበሞቿ ዋና ቅጂዎች ከነአሳታሚው ድርጅት ለሌላ ተሸጡ። እሷ አልተስማማችበትም ነበር። ግን የዘፈኖቹ ደራሲ እሷ ናት። ስለዚህ ከስድስቱ አራቱን እንደገና ዘፍና አወጣቻቸው። «ስፒክ ናው» በሐምሌ 2023 በአዲስ ቅጂ ወጣ። በግንቦት 2025 ደግሞ የቀድሞዎቹን ቅጂዎች ራሷ ገዛቻቸው። ስትፈርሙ ግጥሙ የማን፣ ቅጂው የማን እንደሚሆን ለይታችሁ አንብቡ። ሳታነቡ አትፈርሙ።

ሁለቱን ቅጂዎች አከታትላችሁ ስሟቸው። በ2023ቱ 33 ዓመቷ ነው። ድምፁ ወፍሯል፣ ረግቷል፣ ትንፋሹ አይቆራረጥም። የተሻለ ዘፋኝ ናት። እኔ የምመርጠው ግን የመጀመሪያውን ነው። በመጀመሪያው ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል። ይቅር እንደምትባል እርግጠኛ ያልሆነች ሰው ድምፅ ነው። በሁለተኛው ልጅቷ ከዚያ በኋላ ኖራለች፣ ደህና ሆናለች። ያ ጥሩ ነገር ነው። ግን ፊቱ የቆመችው የ20 ዓመቷ ልጅ ናት።

የመጨረሻው ብሪጁ ነው። ፈገግታውን፣ ለሷ የነበረውን ደግነት፣ ያንን የመስከረም ምሽት ታስታውሳለች። ምናልባት ምኞት ነው ትላለች። ምናልባት ከንቱ ሕልም ነው። ዳግመኛ ብንዋደድ ግን በደንብ እወድሃለሁ ብላ ትምላለች። ወደ ኋላ ተመልሼ በለወጥኩት ነበር፤ አልችልም። ከዚያ የዘፈኑ ትልቁ ስንኝ ይመጣል። በርህ በሰንሰለት ከተቆለፈ ይገባኛል።

ሰንሰለቷ በአሜሪካ ቤቶች በር ላይ ከውስጥ የምትታሰረው ቀጭን ሰንሰለት ናት። በሩ ትንሽ ይከፈታል፤ ፊት ይታያል፤ ሰው ግን አይገባም። ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በር ትለያለች። እሱ ሊያያት ይችላል፣ ሊያናግራትም ይችላል፣ ልክ ዘፈኑ ሲጀምር ስለ አየሩ እንዳናገራት። ግን አያስገባትም። እሷም «ክፈትልኝ» አላለችም። መቆለፍ መብትህ ነው ብላ እዚያው ቆመች። ከዚያ በኋላ እሱ ምን እንዳለ አንሰማም። በዘፈኑ ውስጥ አንዲትም ቃል ከራሱ አፍ አልወጣም።

እኔ ያን ሰው ከዓመታት በኋላ አራት ኪሎ አንድ ካፌ በር ላይ አገኘሁት። እሱ ሲወጣ፣ እኔ ስገባ። ቤተሰብ ደህና? ደህና። ሥራ? አለ፣ ይመስገን። ዝናቡ ዘንድሮ በዛ፤ አዎ በዛ። ብርቱካኑን ላነሳው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰላም በይልኝ ብሎኝ ሄደ።

ለሚቀጥለው ሳምንት ይህን ጽፋችሁ ኑ። ያጠፋችሁት እናንተ የሆናችሁበትን አንድ መለያየት ውሰዱ። ስም አይግባበት። «ይቅርታ» የሚለው ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ አይግባ። ዕቃ ይኑርበት፤ በእጅ የሚያዝ፣ ሰው የሰጣችሁና የተዋችሁት ዕቃ። ስምንት ስንኝ ይበቃል። ቤቱ ባይመታም ግድ የለም፣ በኋላ እናስተካክለዋለን።

አሁን ዘፈኑን እንስማው፤ የ2010ሩን። አዝማቹ ላይ ያቺን «ድ» ፈልጓት። ከኋላ ያላችሁ ልጆች፣ መስኮቱን ዝጉልኝ፤ ዝናቡ ድምፁን እንዳይወስደው።